ጠላፊ የሌለው ጠለፋ

ቋንቋ ከኅብረተሰቡ ኑሮ ተነጥሎ አያድግም፤ አዲስ መሣሪያም አዲስ ቃል ሳያስከትል አይመጣም። ይህ ደጋግሞ የተነገረ እውነት ነው። ተከትሎ የመጣው ቃል ማንን እንደሚያሳይና ማንን እንደሚሸፍን መመርመር ግን በሥነ ጽሑፍ ሒስ ዘንድ እምብዛም አልተለመደም። በአዲስ አበባ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ ደጃፍ ወይም ከአንዲት ቡና ሻጭ ዘንድ ጥቂት ጊዜ ለተቀመጠ ሰው ለዚህ ምርመራ የሚሆን ማስረጃ በብዛት ይቀርብለታል። «አካውንቴ ተጠለፈ»፤ «ስልኳ ሀክ ሆነ»፤ «ቪዲዮው ወጣ»፤ «ፎቶዋ ተለቀቀ»፤ «ቻታቸው ተበተነ»። አባባሎቹ የጠመንጃ ያዥ ብቻ አይደሉም፤ በሌላውም የአዲስ አበባ ሰፈር ይሰማሉ። አምስቱም ግን አንድ ጠባይ ይጋራሉ። ድርጊት አለ፤ ተጎጂ አለ፤ አድራጊ የለም።

የሰዋስው መምህራን አብዛኞቹን እነዚህን ግሶች «ተገብሮ» ብለው ይመድቧቸዋል። ተገብሮ በራሱ ነውር የለበትም፤ አማርኛ ያለ እርሱ ሐዘንም ሆነ ፍርድ በቅጡ መናገር አይችልም። የሚያስደንቀው ይኸው ጠባይ በአንድ የኑሮ መስክ ብቻ፣ ይኸውም የሰው ምስጢር በመሣሪያ አማካይነት በሚደፈርበት መስክ፣ እንዲህ ጸንቶ መገኘቱ ነው።

«ጠለፈ» የሚለውን ግስ እንውሰድ። በቋንቋው ውስጥ ረጅም ጉዞ ከተጓዙት ቃላት አንዱ ነው። ባለሙያዋ ሴት ቀሚስ ትጠልፋለች፤ ከክሩም ጥልፍ ይወጣል። ገበሬው ወንዝ ጠልፎ ውሃውን ወደ ማሳው ይመልሳል። ታጋዩ የባላጋራውን እግር ጠልፎ ይጥላል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ቃሉን ያከበደው ግን የልጃገረድ ጠለፋ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ከፍቶለት ነበር፤ በሩን የዘጋው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ይሁንና ሕጉ ጠላፊውን በሚያስመልጥበት ዘመን እንኳ አገር ጠላፊው ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። የእገሌ ልጅ ነው፤ በቅሎው እንዲህ ያለች ናት፤ ሚዜዎቹ እነ እገሌ ናቸው ይባላል። ሽማግሌ የሚላከው አባቱ ዘንድ ነው፤ ደም የሚፈላውም በስም ነው። ቃሉ በኋላ ወደ ሰማይ ሲወጣም ይህን ጠባዩን አልጣለም። በኅዳር 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ከኮሞሮስ ደሴቶች ዳርቻ ባሕር ላይ በወደቀ ጊዜ ጠለፋው የሚነገረው ከጠላፊዎቹ ጋር ነበር።

ቃሉ ስልክና ኮምፒዩተር ውስጥ በገባ ጊዜ ግን አንድ ነገር ከእጁ ወደቀ። «ስልኬ ተጠልፏል» የሚል ሰው ጠላፊውን አይጠራም፤ ሰሚውም «ማን ጠለፈው?» ብሎ አይጠይቅም። ጠለፋው እንደ ዝናብ ይዘንባል፤ እንደ ጉንፋን ይይዛል። «ሀክ ሆነ» የሚለው አባባልማ ይበልጥ ይገርማል። ወጣቱ ከባሕር ማዶ ያመጣውን ቃል «ሆነ» ከሚለው ረዳት ግስ ጋር ሲያጋባው፣ በሰው ላይ የተፈጸመውን በደል የሰውየው የራሱ ሁኔታ አደረገው። ታመመ፣ ከሰረ፣ ሀክ ሆነ።

ባሕር ማዶ ያሉት እንዲህ አላደረጉም። በ2010 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ባልደረባ የነበረው ቲም ጆንስ «ፕራይቨሲ ዙከሪንግ» የሚል ስያሜ አወጣ። ድርጅቱ መቀመጫው በአሜሪካ ሆኖ ለኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች መብት የሚሟገት ነው። ስያሜው የተነጣጠረው ሆን ተብሎ በተወሳሰበ የምርጫ ገጽ ሰውን አደናግሮ ሊገልጥ ያላሰበውን የግል ነገሩን ማስገለጥ በሚባለው ድርጊት ላይ ነው። በዚያው ዓመት አታላይ የኮምፒዩተር ገጾችን እየሰበሰበ ለሕዝብ ማሳየት የጀመረው ሃሪ ብሪግነል ስያሜውን ከዝርዝሩ አገባው፤ ቃሉም በዚያ ተስፋፋ። የፌስቡክ መሥራች የማርክ ዙከርበርግ ስም የግስ ግንድ ሆነ ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ አፈጣጠር በእንግሊዝኛ አዲስ አይደለም። በ1880 እ.ኤ.አ. አየርላንዳውያን ገበሬዎች ያገለሉት የመሬት አስተዳዳሪ ካፒቴን ቦይኮት ስሙን ለአድማ ቃል ትቶ ሄዷል፤ ያ ቃል ዛሬ በአማርኛ ጋዜጦችም ይነበባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገሩን ለናዚ ያስረከበው ኖርዌያዊው ኲዝሊንግ ስሙ የከሐዲ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ስያሜው ከወጣ ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ2018 እ.ኤ.አ.፣ ካምብሪጅ አናሊቲካ የተባለው ኩባንያ የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን መረጃ ያለ ፈቃዳቸው እጁ ማስገባቱ ተሰማ። ፌስቡክ ራሱ የተጎጂዎቹን ቁጥር እስከ 87 ሚሊዮን አድርሶ ገመተው። ስሙ ግስ የሆነበት ሰው በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ፣ የቃሉ ፈጣሪዎች አስቀድመው ጣታቸውን ቀስረው እንደነበር ታየ። ቃል ክስ ሊሆን ይችላል ማለት ይኸው ነው።

አማርኛስ ይህን ማድረግ አይችልም? ይችላል። የአዲስ አበባ የመንገድ ቋንቋ በስም አወጣጥ ማንንም አይፈራም። ሰው የሚጨርሰውን አይሱዙ የጭነት መኪና «አልቃይዳ» ያለው ሕዝብ ነው። ሚኒባሱን በታወቀ ባለሥልጣን ስም «አባዱላ» ብሎ የጠራ፣ ተሳፋሪዎቹ ፊት ለፊት የሚፋጠጡባትን ታክሲ «ውይይት» ብሎ የሰየመ፣ ፌስቡክን በግዕዝ አገባብ «ገጸ መጽሐፍ» እያለ የቀለደበት ያው ነው። የግስ እርባታውም ቢሆን ለባዕድ ቃል በሩን አይዘጋም። «ቻት» የተባለው ቃል ዛሬ «ቻተ፣ ይቻታል፣ መቻት» እየተባለ እንደ አገር ተወላጅ ይረባል፤ «ፖሰተ፣ ይፖስታል» ለሚለውም እንዲሁ ነው። ዙከርበርግንም ለማርባት የሚያስቸግር ነገር የለም። እንዲያውም ግንዱ ወደ «ዘከረ» ይጠጋል። ዝክር ሰው በፈቃዱ፣ በታወቀ ቀን፣ የቅዱሱን ስም ጠርቶ ጠላና ዳቦ የሚያቀርብበት ማስታወሻ ነው፤ የኩባንያው ዝክር ደግሞ ማንም ሳይፈቅድ የሁሉንም ሰው ውሎና አዳር የሚያስታውስ ነው። ለሰምና ወርቅ እንዲህ የተመቸ ስም ቅኔ አዋቂው አገር ሳይነካው መቅረቱ ያስቆጫል።

የችሎታ ጉድለት ካልሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ ያሻል። ምክንያቱ ከኮምፒዩተር በፊት ከነበረው የመደማመጥ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

አማርኛ ምስጢር ለሚያሾልክ ሰው ስም ቸግሮት አያውቅም። «ጆሮ ጠቢ»፣ «ነጭ ለባሽ»፣ «ወሬ አቀባይ»፣ «ሰባቂ» ይላል። ስሞቹን ጎን ለጎን ያስተዋለ ሰው ግን ሁሉም የተላላኪ ስሞች መሆናቸውን ያያል። ጆሮ ጠቢው የሚጠባው ጆሮ የማን ነው? የጆሮው ባለቤት በቃሉ ውስጥ የለም፤ ያለው ሥጋው ብቻ ነው። የጥንት ገዥዎች «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ እንደነበር ይተረካል፤ ትረካውም እንደ ብልህነት ይቆጥርላቸዋል። እረኛው የተናገረው ይታወሳል፤ ተናግሮ የሄደው መልእክተኛ ይሰደባል፤ ያስጠየቀው ጌታ አይወቀስም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር እንኳ የተወራበት ሰው ወሬውን መጨረሻ እንደሚሰማ ያመለክታል እንጂ ያወራውን አይጠራም።

የስልክ ዘመን ይህን ልማድ ወርሷል። «ይህ በስልክ አይወራም፤ በአካል እንገናኝ» የሚለው አባባል በከተማው ኗሪ አፍ የቆየ ነው። ማን ስለሚሰማ እንደማይወራ ማንም አያብራራም፤ ማብራሪያ የጠየቀም እንደ ሞኝ ይታያል። በየካቲት 2006 ዓ.ም. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ጥናት፣ አንድ የኢጣሊያ ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር በውጭ አገር የሚኖሩ የኢሳት ጋዜጠኞችን ኮምፒዩተር ለመጥለፍ ሙከራ እንደተደረገበት አስታወቀ። የኩባንያው ስም «ሃኪንግ ቲም» ነበር። ወደ አማርኛ ቢመለስ «የጠለፋ ጓድ» ማለት ይሆናል። ሻጩ ሙያውን በበሩ ላይ ጽፎ ሲነግድ፣ ተገልጋዮቹም መንግሥታት ሆነው ሳለ፣ የተጠለፈው ሰው ቋንቋ «ተጠለፈ» ከማለት አላለፈም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ስማቸውን ያገኙት ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው። ማረሚያ ቤቱ ስምንት ዞኖች ስላሉት ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ዘጠነኛው ነው በሚል ምሬት የወጣ ስም ነው። ብርቱ ፈጠራ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን እርሱም ቦታውን ሰየመ እንጂ የዞኑን ባለቤት አልሰየመም። መልእክት ከሰሚ የሚሰወርበትን ዘዴ ሠልጥነዋል መባሉ ከክሱ አንዱ ክፍል ነበር፤ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነጻ ወጥተዋል።

በሌላ ወገን ሲታይ ተናጋሪው ሕዝብ ከሰሚ ጆሮ የሚሸሸግበትን ብልሃት ከጥንት ያውቅበታል። የአዝማሪዎችን ልዩ ቋንቋ ቮልፍ ሌስላው በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት አሳይቷል። አዝማሪው ከባልደረባው ጋር በጌታው ፊት ቆሞ ስለ ጌታው ይነጋገርበታል፤ ጌታውም አይሰማውም። የአዲስ አበባ ልጆች «የወፍ ቋንቋ» እና የአራዳው አነጋገር የዚሁ ዘር ናቸው። ከዚህ አኳያ የመንገድ ቋንቋ ዝርክርክ የወጣት ጨዋታ ሳይሆን የድሃ ሰው የምስጢር ቁልፍ ነው። ቁልፉ ይሸሽጋል እንጂ አይከስም። የዘመኑ አባባሎች ድክመት ከዚህ ይመነጫል፤ የመሸሸጊያ ልማድ የበደለኛውንም ስም አብሮ ሸሸገ።

የሰፈሩን ስም ማንሳት ለዚህ ይጠቅማል። ጠመንጃ ያዥ፣ ስሙ እንደሚነግረን፣ የጠመንጃ ያዦች ሰፈር ነው። በድሮው ሥርዓት ጠመንጃ ያዥ የሚባለው የጌታውን መሣሪያ ተሸክሞ ከኋላው የሚከተለው አሽከር ነበር፤ ክብደቱ የእርሱ፣ መሣሪያው የጌታው። ዛሬ በዚያ ሰፈር በየኪሱ ያለው ስልክ በስም የያዡ ነው፤ በስልኩ ውስጥ የተከማቸው ፎቶግራፍና ጭውውት ግን ለማን እንደሚሰበሰብ ያዡ አይጠይቅም።

እስካሁን የታዩት ቃላት አድራጊውን የሚሰውሩ ነበሩ። ከእነርሱ የባሰው ግን አድራጊውን የሚያስመሰግነው ነው። የአንድን ሰው ስም፣ መልክ፣ ቤትና የሥራ ቦታ ለሕዝብ አውጥቶ ለጥቃት መዳረግን እንግሊዝኛ «ዶክሲንግ» ይለዋል፤ ቃሉ ነውር እንደተሸከመ ነው። አማርኛ ለዚሁ ድርጊት የሚሰጠው ቃል «ማጋለጥ» ነው። የቃሉ ሥር «ገለጠ» ነው፤ የተሸፈነ ክፋትን ገልጦ የሚያሳይ ሰው ባለውለታ ነውና ቃሉ የምስጋና ቃል ነው። ሌባ ይጋለጣል፤ አጭበርባሪ ይጋለጣል። ነገር ግን ይህ ቃል ታሪክ አለው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በየቀበሌው ስብሰባ ሰው ራሱንና ጓደኞቹን እንዲያጋልጥ ይገደድ ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ተማሪ ተማሪውን አጋለጠ፤ የተጋለጡት ብዙዎቹ አልተመለሱም። ያን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም «አጋልጥ» የሚለውን ትእዛዝ ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። ልጆቻቸው ግን በፌስቡክና በቴሌግራም ቃሉን እንደ አዲስ ሳንቲም ይመነዝሩታል።

ምንዛሪው ምን እንደሚገዛ በባሕር ዳር ታይቷል። በ2014 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው፣ ከሐሰት ውንጀላ ጋር፣ በፌስቡክ ተለጠፈ፤ ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ባቀረበው ክስ እንደተገለጸው መኖሪያቸውም ተጠቆመ። ጥቅምት 24 ቀን በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጁ ጽሑፉ እንዲነሣ ለኩባንያው አስቀድሞ ማመልከቱን፣ መልስ የተሰጠው ግን አባቱ ከሞቱ በኋላ መሆኑን ያስረዳል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. እርሱና ሌሎች ከሳሾች የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ጽሑፉን ለጥፈው የነበሩት ሰዎች ድርጊታቸውን በምን ቃል እንደጠሩት መገመት አያዳግትም። አጋለጥን እንጂ አስገደልን ያለ የለም። በዚህ ቦታ የቃል ምርጫ ጉዳይ የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል።

የሕግ ቋንቋ በዚህ ረገድ ምን አደረገ ቢባል፣ ጥረቱ ደረቅ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ይደነግጋል፤ «ግላዊነት» የሚለውም ቃል ከዚያ ይገኛል። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለ ግል ዳታ ጥበቃ የወጣ ነው። ሁለቱም ለሕዝቡ የሚጠቅሙ ናቸው። ነገር ግን በጠመንጃ ያዥ «ግላዊነቴ ተነካ» ብሎ የጮኸ ሰው ቢኖር የሚያዝንለት መገኘቱ ያጠራጥራል፤ ግላዊነት ከግለኝነት ጋር ጎረቤት ሆኖ እንደ ስስት ይሰማልና። «ድብቅ» የሚለው ቅጽል ራሱ ስድብ በሆነበት ቋንቋ ሽፋን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተጠርጣሪ ነው። የአገሩ ቃል «ገመና» ነበር። እግዚአብሔር «ገመና ከታች» ይባላል፤ ገመናን ማውጣት ደግሞ ከክፉ ሥራዎች የከፋው ነው። አንድ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ በዚህ ስም ሲጠራ ተመልካቹ መዝገበ ቃላት አላስፈለገውም። ገመና እንከን የለሽ ቃል አይደለም፤ የሚሸፈነው ነገር የግድ ኃፍረት እንደሆነ ያስመስላል፤ የባንክ ሒሳብና የጤና መዝገብ ገመና ናቸው ለማለትም ያስቸግራል። ይሁን እንጂ በስተጀርባው ባለቤት አለ፤ ከታችም አለ፤ አውጪም አለ። ሕግ አርቃቂዎች «ዳታ» ከማለታቸው በፊት ይህን ቃል አንድ ጊዜ ቢያንኳኩት ኖሮ ምናልባት ሌላ በር ይከፈት ነበር።

በስም ግስ የመፍጠር ልማድ ያለ አደጋ እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም። «የስትራይሳንድ ውጤት» የሚባል አነጋገር አለ። ዘፋኟ ባርብራ ስትራይሳንድ በ2003 እ.ኤ.አ. የመኖሪያ ቤቷ ፎቶግራፍ እንዲነሣላት ከስሳ፣ ክሱ ራሱ ፎቶግራፉን ዝነኛ አደረገው፤ ማይክ ማስኒክም በ2005 እ.ኤ.አ. ነገሩን በስሟ ሰየመው። በዚህ ስያሜ ቤቴን አታሳዩብኝ ያለችው ሴት መሳለቂያ ሆነች፤ ያሳየው ሰው ስም ማንም አያስታውስም። ስያሜ ወደ ላይ ካልተወረወረ ተመልሶ ተጎጂውን ይመታል። ከዚህም ሌላ አንድን የሩቅ ባለጸጋ ግስ ማድረግ የቅርቡን ሰው ነጻ ሊያወጣ ይችላል። ለጥገና የተሰጠውን ስልክ ከፍቶ ፎቶግራፍ የሚቀዳው ዙከርበርግ አይደለም። የቀድሞ ፍቅረኛውን ምስል ለጓደኞቹ የሚልከውም እርሱ አይደለም፤ «እኔ ሼር ብቻ ነው ያደረግሁት» የሚለው ሺህ እጅም የእርሱ እጅ አይደለም። የባሕር ዳሩ ክስ ጉልበት ያገኘው ኩባንያውን በስሙ ሲጠራ ነው፤ ተኩሱ ግን የተተኮሰው በሰው እጅ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው አንድ የውጭ ስም ወደ አማርኛ ማስገባት ሳይሆን ለግሱ ባለቤቱን መመለስ ነው፤ ባለቤቱ ኩባንያም ሆነ፣ መሥሪያ ቤትም ሆነ፣ የሰፈር ልጅም ሆነ።

ይህ ሥራ በቅድሚያ የጸሐፍት፣ በተለይም የተውኔት ጸሐፍት ነው። የቅርብ ዓመታት የመድረክና የቴሌቪዥን ድራማዎች ስልክንና ማኅበራዊ ሚዲያን ሳይነኩ የሚያልፉ ጥቂቶች ናቸው፤ የልጅቷ ቪዲዮ መውጣት የታሪክ ማያያዣ ሆኖ ሲያገለግል በተደጋጋሚ ይታያል። አብዛኞቹ ደራስያን ግን የመንገዱን ቃል እንዳለ አንሥተው በገጸ ባሕርይ አፍ ያስቀምጡታል። እናት እየጮኸች ትገባለች፤ «ጉድ ሆነሻል፤ ቪዲዮሽ ተለቋል» ትላለች፤ ልጅቷ ታለቅሳለች፤ አባት ቀበቶውን ይፈታል። ከዚያ በኋላ ያለው ትዕይንት በሙሉ በልጅቷ ላይ ይሆናል። «ተለቀቀ» የሚለው ቃል ዘፋኝ አዲስ ዜማውን «ለቀቀ» ከሚባልበት ቃል ጋር አንድ መሆኑን ያስተዋለ ደራሲ እምብዛም አልታየም። ዜማውን የለቀቀ ሰው ስሙ ከሽፋኑ ላይ በትልቁ ይጻፋል፤ ገመናን የለቀቀ ግን ስሙ ከንግግሩ ይጠፋል። ለመንገዱ ቋንቋ ታማኝ መሆን እውነታዊነት ነው የሚል መከራከሪያ ይሰማል። መድረክ ግን የሰማውን የሚያስተጋባ ገደል አይደለም፤ እናቲቱ ከአፏ የሚወጣውን ቃል የመረጠላት ደራሲው ነው። «እገሌ ቪዲዮሽን ለቀቀው» ብላ ብትገባ፣ ቀበቶውን የያዘው አባት መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ነው ያለው?» ብሎ ይሆናል።